በኢሜይል የሄደው ዜማ

የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬን ለመምሪያው በኢሜይል ላክሁ። ከሰዓት በኋላ አብራኝ ትሠራ የነበረችው ብርቱካን ከፍኖተ ሰላም ደወለችልኝ።

«አዲሱ፣ ደብዳቤህ ደርሷል።»

«ደህና ነው?»

«አዎ፣ ደህና ነው።»

«ምን ይታይሻል?»

ከኋላዋ ፕሪንተሩ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«እንግዲህ… ደብዳቤው እንኳ አይታይም። ስሙን የማላውቀው አንድ ፋይል ነው ያለው። ብነካው ብነካው አይከፈትም።»

«ታዲያ ምነው ደህና ነው አልሽ?»

«አፈርሁ። ይህን ያስተማርኸን አንተ አይደለህ?»

የላክሁት ከእኅቴ ባል ላፕቶፕ ነበር። በእሱ ላይ ያለው የመልእክት ፕሮግራም ጽሑፉንና አባሪውን አንድ ላይ በራሱ ቋጠሮ ቋጥሮ ይልካል። ቋጠሮውን የሚፈታው ያው ዓይነት ፕሮግራም ብቻ ነው። ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ዘንድ ሲደርስ ስልቻው ይታያል እንጂ እህሉ አይታይም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመላክ በፊት የመልእክቱን ቅርጽ መለወጥ። ለስንቱ ሰው አሳይቻለሁ። ደብዳቤውን እንደገና ላክሁት፤ ብርቱካን ከመጀመሪያው ቃል እስከ ፊርማዬ ድረስ በስልክ አነበበችልኝ፤ እኔም ከሥራ ወጣሁ።

የሥራ ዘመን ትዝታ መጻፍ የጡረተኛ ወግ ነው ይባላል። እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ሙያዬ ግን ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ደብዳቤ ያለው ሰው ሁሉ በስልኩ ፎቶ ያነሣና ይልካል። ተቀባዩም በአውራ ጣቱ ያየዋል። አባሪው ለምን አልተከፈተም፣ ሠንጠረዡ ለምን ፈረሰ፣ ፊደሉ ለምን ወደ አራት ማዕዘን ሣጥን ተለወጠ ብሎ የሚጠራኝ እያነሰ ሄደ። ስለዚህ ወደ መራዊ መጥቼ፣ ከእኅቴ ጋር በቆጋ መስኖ ሽንኩርት እያለማሁ፣ ለውኃ ተጠቃሚዎቹ ማኅበር ተራ አስከባሪ ሆኛለሁ። ሳልረሳው ልጻፈው ያልሁት ነገር ስላለ ነው ይህን የምጽፈው።

ሥራውን የጀመርሁት ቡሬ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት የኢንተርኔት ቤት ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም። ባለቤቱ አቶ ደምሴ ከኮምፒውተር የሚያውቁት ማብሪያና ማጥፊያውን ነበር። ነገር ሲበላሽ «አንተ ልጅ፣ እንደ ምንም አድርገው» ይሉኛል። እኔም እንደ ምንም አደርገው ነበር። የመጀመሪያው ትምህርቴ የአማርኛ ጽሑፍ ነው። አንድ ሰው በአሮጌው የአማርኛ መጻፊያ የጻፈውን ማመልከቻ ይልካል፤ ሌላው ሲከፍተው የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና ጥያቄ ምልክት ተዘባርቆ ያገኛል። ስንት ሰው ቫይረስ ነው ብሎ አጠፋው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ያ አሮጌ መጻፊያ የእኛን ልብስ የለበሰ የባዕድ ፊደል ነበር። ልብሱ ወደሌለበት ቤት ሲደርስ ራቁቱን ይቆማል። ይህን የደረስሁበት አንድ መልእክት በሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን ከፍቼ ስመለከት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድን ነገር በአንድ ዓይን ማየት አላምንም።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የዞን መምሪያ የወሰዱኝ ለኮምፒውተር ጥገና ነው። ደመወዙ ቅጥርን እንጂ ኑሮን አያስብም፤ እሱን እንለፈው። እዚያ ያገኘኋቸው ሰው እትዬ የሺ ናቸው።

እትዬ የሺ የኃላፊው ጸሐፊ ነበሩ። የቋሪት ሰው፣ የደብተራ ልጅ፣ በብረት የጽሕፈት መኪና ሥራ የጀመሩ። ጣታቸው የኮምፒውተሩን ቁልፍ እንደዚያ መኪና ነበር የሚመታው፤ ከሦስተኛው ክፍል ይሰማል። ኃላፊዎች መጡ፣ ኃላፊዎች ሄዱ፤ እሳቸው እዚያው ወንበር ላይ ናቸው። በገባሁ ሰሞን አንድ ደብዳቤ ልኬ «ደርሷል ወይ?» ብዬ ወደ ወረዳ ስደውል ሰሙኝ።

«ምን አሉህ?»

«ደርሷል፣ ደህና ነው አሉኝ።»

«የእኔ ልጅ፣ አንተ ምን አገር ነው ያደግኸው? ጎጃሜ እኮ እግሩ ተሰብሮ እንዴት ነህ ብትለው ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ነው የሚልህ። ስጠኝ ስልኩን።»

ደወሉ። «እንደምን ዋላችሁ። ደርሷል ወይ አላልሁም፣ ደህና ነው ወይ አላልሁም። ከፊትህ ያለውን፣ የሚታይህን ንገረኝ። ከላይ ጀምር።» ያ ሰው ከላይ ጀመረ። አርማው የለም። ቁጥሩ የለም። ሠንጠረዡ ፈርሶ የቀበሌዎቹ ስም በአንድ ረድፍ ተሰልፏል። ደህና ነው ያለን ይህንን ነው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ክፍሉ ጥግ ላይ ሌላ ሰው የጣለው አሮጌ ኮምፒውተር አስቀምጠዋል፤ እንደኛው ሳይሆን ሌላ ዓይነት የመልእክት ፕሮግራም ተጭኖበታል። «ባላጋራዬ» ይሉታል። ለየትኛውም ቢሮ ከመላካቸው በፊት ለባላጋራው ይልኩና ተነሥተው ሄደው ያዩታል። ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፤ ቢሆንም ይነሣሉ። «ከተቀመጥሁበት ሆኜ ያየሁት የላክሁትን ነው። የደረሰውን ለማየት መነሣት አለብኝ።»

ያን ጊዜ ያለቦታው በታተመ ወረቀት ጀርባ ግጥም እጽፍ ነበር። አንድ ቀን አገኙትና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ምስጋና ጠበቅሁ።

«ቤቱ ይመታል» አሉ። «አንተ ምን እንደታየህ ግን አልነገርኸኝም።»

ብዙ ቀን ተናደድሁባቸው።

ከኃላፊዎቻችን አንዱ ማኅተም የሚወዱ ነበሩ። በመልእክቱ ውስጥ ጽሑፉ ይጻፍና የክቡ ማኅተም ምስል ልክ ከፊርማው ላይ እንዲያርፍ አዘዙ። በእኛ ኮምፒውተር አማረ። ጅጋ ሲደርስ ግን ሌላው ፕሮግራም ምስሉን ከጽሑፉ ነጥሎ ከታች ለብቻው አስቀመጠው። የጅጋው ሰው ደወሉ። «ደብዳቤው ያለ ማኅተም መጣ፣ ማኅተሙም ያለ ደብዳቤ። ለብቻው መንገድ የወጣ ማኅተም እኛ አገር ሌባ ነው» አሉ። የከብት ክትባት የሚያዝ ደብዳቤ ነበርና ገበሬው ላሙን እየነዳ መጥቶ እየነዳ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ማኅተም ያለበትን ሁሉ ፒዲኤፍ አድርገን መላክ ጀመርን፤ እሱ ጽሑፉንም ምስሉንም እንደ ታተመ ወረቀት አንድ አድርጎ ይይዛል። ኃላፊው ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ማኅተሙ ከቦታው እስካልተነቃነቀ ድረስ ግድ አልነበራቸውም።

እንዲህ እንዲህ እያልሁ ሥራውን የማውቀው ሲመስለኝ የየኔታ ይትባረክ ነገር መጣ።

የኔታ ይትባረክ ከገበዝ ማርያም ወጣ ብሎ ባለ ደብር የድጓ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል። ከድጓው ውስጥ ለጾም ሰሞን የሚዜሙ ጥቂት ክፍሎች አሉ፤ የነዚያ አጨራረስ በየኔታ ወንበር ብቻ የሚገኝ፣ ከመምህራቸው የተቀበሉት ነው። የድጓ ዜማ የሚያዘው ከመስመሩ በላይ በሚጻፉ፣ እንደ ርክርክ ባሉ ደቃቅ ምልክቶች መሆኑን ያላየ ሰው ይኖር ይሆናል። ትልቁ ፊደል ቃሉን ይነግርሃል፤ ከራሱ ላይ የተቀመጠው ደቂቅ ምልክት ድምፅህ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ ይነግርሃል። ምልክቱ ከአንዱ ፊደል ራስ ወደ ሌላው ከተዛወረ ቃሉ ያው ነው፣ ዜማው ግን ሌላ ነው።

ከደቀ መዛሙርታቸው የሚወዷቸው መሪጌታ ፍሬስብሐት ከአባይ ማዶ ወንበር ዘርግተው ያስተምራሉ። ያን ክፍል ሳይጨርሱ ነበር የሄዱት፤ ጾሙ ሲቀርብ የኔታ እንዲልኩላቸው ለመኗቸው። መንገዱ በዚያ ሰሞን አይታመንም ነበርና ሰው መላክ አልተቻለም። ብራናውን ፎቶ አነሣነው፤ ምልክቱ በስንት ትውልድ ጣት ተዳብሶ ደብዝዟል፣ ከየኔታ በቀር ለይቶ የሚያነበው የለም። ስለዚህ የኔታ ፍኖተ ሰላም መጥተው እትዬ የሺ ቤት አረፉ፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ከጎኔ ተቀምጠው እየነገሩኝ ጻፍሁ።

አንድ መስመር ቃሉን፣ ከበላዩ አንድ መስመር ምልክቱን። ምልክቱ ከተገቢው ፊደል ራስ ላይ እንዲያርፍ በክፍት ቦታ እየገፋሁ አመጣዋለሁ። የኔታ ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ ያሳርፋሉ። «ወደ ቀኝ… ትንሽ… በቃ። አንተ፣ ይህ ጣትህ እኮ ዜማ ያውቃል» ብለው ይቀልዱብኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

እዚያ ማዶ ያለው የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ በፒዲኤፍ አትላኩልኝ አለ፤ ብዙ ሆነው በአንድ ገጽ ዙሪያ ስለሚቆሙ ጽሑፉን ራሱን አግኝቶ ፊደሉን አተልቆ ሊያትምላቸው ፈለገ። ስለዚህ ከመልእክቱ ውስጥ አስገባሁት። ለባላጋራው ላክንለት፤ እትዬ የሺ ተነሡ፣ አዩት፣ ምልክቱ ሁሉ ከቦታው ነው። ላክነው። ደወሉ።

ስልኩን ያነሡት ጸሐፊው ሳይሆን መሪጌታ ፍሬስብሐት ራሳቸው ነበሩ። ድምፃቸው እስከ እኔ ይሰማል። «ደርሶናል እትዬ የሺ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ በረከታቸው ይደርብን።»

እትዬ የሺ አፋቸውን ከፈቱ። ጥያቄያቸውን ጠበቅሁ። «አሜን መሪጌታ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

«አልጠየቋቸውም?» አልሁ።

«የድጓ መምህር እኮ ናቸው። ከላይ ጀምረው ፊደል ይቁጠሩልኝ ልበላቸው? ነውር ነው፣ የእኔ ልጅ።»

ለእኔም ነውር መሰለኝ።

ጾሙ ተጋመሰ። የቋሪት ወረዳ ቢሮ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ወደ ገበዝ ማርያም ስሄድ የኔታን ልሳለም ወደ ደብሩ ወጣሁ። ከጉባኤ ቤቱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ተሳለምሁ። ቀልድ የለም። ስለ መሪጌታ ፍሬስብሐት ጠየቅሁ።

«ደህና ነው» አሉ። ያን ቃል ከማንም ሰው አፍ አላምነውም ነበርና አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«በስልክ ደወለልኝ። አዜምልኝ አልሁት፤ አዜመ። ከእኔ ቤት ይነሣል፣ ሌላ ቤት ያድራል።»

«እንዴት የኔታ?»

«ጅማሬው የእኔ ነው። አጨራረሱ የማን እንደሆነ አላውቀውም። ማዶ የራሳቸው መምህራን አሉ፤ ከእነሱ ለምዶ ይሆናል። ሰው ካለበት ይመስላል፤ አልፈርድበትም።» መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «እኔ እንግዲህ ማየትም መቆምም እየከበደኝ ነው። ይህን ወንበር ለእሱ ነበር ያሰብሁት። እሑድ ሽማግሌዎቹ ቃሌን ሊሰሙ ይመጣሉ። ከዲማ በኩል የሚመጣ ሌላ መምህር አለ፤ እሱ ይሁን እላቸዋለሁ። የእኛ አጨራረስ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ምን ይደረግ።»

«ለእሳቸው ነገሯቸው?»

«ምን ብዬ? የጎለመሰ መምህር ነው። ላሳፍረው?»

ከደብሩ ስወርድ ቃላቸው አልለቅ አለኝ፤ ከእኔ ቤት ይነሣል፣ ሌላ ቤት ያድራል። ተመልሼ ወጣሁ።

«የኔታ፣ በሁሉም መስመር ነው? ጅማሬው ልክ፣ መጨረሻው ሌላ?»

«በሁሉም መስመር።»

«ረጅሙ መስመር ላይ ይብሳል?»

ትኩር ብለው አዩኝ። «ይብሳል። አንተ ከየት አወቅህ?»

የረሳ ሰው እዚህም እዚያም ይረሳል። ከሌላ መምህር የለመደም እንደልማዱ ነው። በየመስመሩ ልክ ተነሥቶ፣ እየቆየ እየራቀ፣ መስመሩ በረዘመ ቁጥር የሚሳሳት ሰው የለም። እንዲህ የሚሳሳተው ክፍት ቦታ ነው። እኛ ምልክቱን የገፋነው በእኛ ኮምፒውተር የፊደል ዓይነት ስፋት ነው። እዚያ ማዶ ያ የፊደል ዓይነት ከሌለ ፕሮግራሙ በራሱ ይተካዋል፤ የእሱ ክፍት ቦታ በፀጉር ያህል ከጠበበ ምልክቱ በየቃሉ ትንሽ ትንሽ ወደ ግራ ይንሸራተታል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከሌላ ፊደል ራስ ላይ ነው። ባላጋራው ይህን አላሳየንም። ፕሮግራሙ ሌላ ቢሆንም ፊደሉን የጫንሁበት እኔው ነኝ፤ የእኛው ቤት ልጅ ነበር።

ለእትዬ የሺ ደወልሁ። ነገርኋቸው።

«አልጠየቅሁም» አሉ። በማግሥቱ በጅጋ በኩል በሚመጣው መኪና ገበዝ ማርያም ደረሱ፤ የላክነውን ጽሑፍ አትመው በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል።

የኔታን በወረዳው ቢሮ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ለምን እንደጠራናቸው በደንብ አልገባቸውም፤ ስለ እትዬ የሺ አባት ሲሉ መጡ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። መሪጌታ ፍሬስብሐት አነሡ።

«መሪጌታ፣ እንደምን አሉ። የሺ ነኝ፤ የኔታም አጠገቤ ናቸው። ያ የላክንልዎ ጽሑፍ ከፊትዎ አለ?»

«አለ እትዬ የሺ። ደህና ነው፣ እየተማርንበት ነው።»

እትዬ የሺ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ድፍረት ነው። ደህና ነው ወይ አላልሁም። የሚያዩትን ይንገሩኝ። የመጀመሪያው መስመር፣ ከመጀመሪያው ፊደል፤ ከራሱ ላይ ምን አለ?»

መሪጌታ እንደ ተማሪ መቁጠር ጀመሩ። የመጀመሪያው ቃል ልክ ነው። ሁለተኛው ልክ ነው። እትዬ የሺ በታተመው ወረቀት ላይ በጣታቸው እየተከተሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይድገሙልኝ መሪጌታ።»

ደገሙ። ምልክቱ ከሁለተኛው ፊደል ወደ መጀመሪያው ወርዷል። ቀጠሉ። የመስመሩ የመጨረሻ ቃል «ለዓለም» ነበር። መሪጌታ እንዲህ አሉ፤ «ርክርኩ ከ‹ለ› ላይ ነው።»

«ከየትኛው ‹ለ›?»

«ከፊተኛው። ከ‹ለዓ› መነሻ ላይ።»

የኔታ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ከ‹ዓ› ላይ ነው እንጂ። ማን አወረደው?»

«እኛ ነን የኔታ» አሉ እትዬ የሺ። «በመንገድ ላይ ተንሸራተተ። እሳቸው ያዜሙት እኛ የላክንላቸውን ነው።»

የኔታ ቀና ብለው ስልኩን አዩት፤ ሰውዬው ውስጡ የተቀመጠ ይመስል።

«ፍሬስብሐት።»

«አቤት የኔታ።»

«ከ‹ለ› ላይ ርክርክ እኔ ቤት ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ሰምቼ አላውቅም የኔታ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ልነካው እጄን ዘረጋሁ።

«የኔታ… ጅማሬው እንደሚያውቁት ነው፤ መጨረሻው ላይ ይስታል። የደከሙ መሰለኝ። በእርጅናዎ ላሳፍርዎ አልወደድሁም። እንዳሉት ይሁን ብዬ ለልጆቹም እንደዚያው አስተማርሁ።»

እትዬ የሺ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«እኔ ደግሞ» አሉ የኔታ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ፣ «ሌላ መምህር የያዝህ መሰለኝ። እሑድ ወንበሩን ለሌላ ልሰጥብህ ነበር።» ከዚያ እንደ ጥንቱ ቀልዳቸው መጣ። «አንተ፣ በሕይወቴ እያለሁ መሳሳቴን ካልነገርኸኝ፣ ስሞት መቃብሬ ላይ ቆመህ ልትነግረኝ ነው?»

ከወዲያ ማዶ በሳቅና በለቅሶ መካከል የሆነ ድምፅ መጣ። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የመጀመሪያውን መስመር አዜሙ። መሪጌታ ተቀበሏቸው። መስመር በመስመር እንዲያ ሲሄዱ የቢሮው ሠራተኞች በር ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። የተበላሸውን ኮምፒውተር የጠየቀኝ አልነበረም።

እሑድ የኔታ ለሽማግሌዎቹ የፍሬስብሐትን ስም ነገሯቸው። ጽሑፉንም ምልክቱ ከፊደሉ ጋር እንዲታሰር በሠንጠረዥ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ክፍል አድርጌ እንደገና ሠራሁት። በፒዲኤፍ፣ ፊደሉን እኔው አተልቄ ላክሁ። እትዬ የሺ ደውለው ከላይ እስከ ታች አስቆጠሯቸው፤ መሪጌታም ሳይሰለቹ ቆጠሩ። ያ የተበላሸው ግን ሁሉ አልተመለሰም። ከማዶ ተማሪዎች አንዳንዶቹ የተንሸራተተውን ይዘው ወደየአጥቢያቸው ሄደው ነበር። ፋይል ይጠፋል፤ ጆሮ የያዘውን አጥፋ ብለህ የምትጫነው ቁልፍ የለም።

ከፋሲካ በኋላ መሪጌታ ፍሬስብሐት ጥቂት ደቀ መዛሙርት አስከትለው መጡ። የደብሩ በዓል ዕለት እትዬ የሺና እኔም ነበርን። ከማዶ ከመጡት ዲያቆናት አንዱ፣ ድምፁ የሚያምር፣ መስመሩን በድንቅ አነሣና መጨረሻው ላይ ርክርኩን ቀድሞ ጣለው። ጓደኞቹ አዩት። የኔታ በመቋሚያቸው አስቆሙት።

«ይህ የማን ቤት ዜማ ነው?»

ዲያቆኑ አንገቱን ደፋ። ከጎኑ ያለው ቀስ ብሎ መለሰለት፤ «የሺ ቤት ነው፣ የኔታ።»

ቅኔ ማኅሌቱ በሳቅ ተናጋ። በድጓ ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራ አጨራረስ ያላቸው ጸሐፊ ከእሳቸው ሌላ እንዳለ አልሰማሁም። እትዬ የሺ ከሴቶቹ ወገን ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ሳቅ ይሁን ሌላ፣ እኔ ከቆምሁበት አይታየኝም ነበር። በኋላም አልጠየቅኋቸውም።

በዓመቱ ጡረታ ወጡ። ባላጋራውን አስረከቡኝ፤ የጫንሁበትን ፊደል ሁሉ ከላዩ አነሣሁለት። ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር፣ ከዳኛም ሆነ ከቄስ፣ ያንን ጥያቄ ሳልጠይቅ ስልክ ዘግቼ አላውቅም። አንዳንዱ ይቆጣኛል። አንዱ ኃላፊ «የሚታየኝማ አንድ የማያፍር ልጅ ነው» ብለውኛል።

ባለፈው ሳምንት እትዬ የሺ ደወሉልኝ። ሥራ መልቀቄን ብርቱካን ነግራቸዋለች። ከቦዩ ዳር ነበርሁ፣ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ቆጋ እንዴት ነው የእኔ ልጅ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው።»

ሳቃቸው በስልኩ መጣ። «እሱን አልጠየቅሁህም።»

ቀና አልሁ። ከላይ ጀመርሁ። ግድቡ በኩል ደመና አለ፣ ዝናብ ግን የለውም። ዋናው ቦይ ሞልቷል። የእኛ ሽንኩርት ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ነው፤ እኅቴ ውኃ በዝቶበት ነው ትላለች፣ እኔ አልመሰለኝም። ከታች መጨረሻ ላይ ያለው የአንድ ሽማግሌ ማሳ ነው፤ ውኃው ይደርሳቸዋል ብለን መዝግበናል። ሰውዬው ከማሳቸው መሐል ቆመው ወደኛ ያያሉ። ስንጠራቸው እጃቸውን እያነሡ «ደርሷል፣ ደህና ነው» ይሉናል።

«ከእግራቸው ሥር ምን ይታይሃል?» አሉ እትዬ የሺ።

«ከዚህ አይታየኝም።»

ስልኩን ኪሴ አስገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ በቦዩ ዳር ወደ ታች ወረድሁ።